የፖስታ ግራ እግር

በእኛ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ሐሙስ የሚታጠበው እግር የኳስ ተጫዋች እግር ነው። ሌላ ቦታ ሽማግሌዎች ይታጠባሉ፣ ሌላ ቦታ ድሆች ይታጠባሉ። የእኛ አሥራ ሁለት ሰዎች ግን ስድስቱ ከባቡር ጥገና ቡድን፣ ስድስቱ ከሳሙና ፋብሪካ ቡድን ናቸው። እንግዳ ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ እኛ ለምደነዋል።

ነገሩ የተጀመረው ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ነው። ቀኑን ማን እንደመረጠው እንጃ፣ የዋንጫው ጨዋታ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ላይ ወደቀ። ቡድኖቹ አንድ ለአንድ ወጡ፤ ደጋፊዎቻቸው ግን በዚያ አልበቃቸውም። ድንጋይ መወራወር ጀመሩና የቤተ ክርስቲያኑ ሦስት መስኮት ረገፈ። አባ ያኔ ገና ወጣት ቄስ ነበሩ። ማንንም አልተቆጡም። በማግስቱ አሥራ ሁለት ወንበር በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት አስደርድረው፣ ከየቡድኑ ስድስት ስድስት ተጫዋች በስም አስጠርተው፣ ተንበርክከው እግራቸውን አጠቡ። መስኮት የሰበሩት ሰዎች ከኋላ ቆመው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ሲሞት ልጁ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ዘንድሮ ከአሥራ ሁለቱ በሕይወት የቀሩት አምስት ናቸው።

አባቴ ከአምስቱ አንዱ ነው። ሥራው ብየዳ ነበር፣ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ በብየዳው ግን የሚያውቀው ሰው የለም። «ፖስታ» ነው የሚሉት። ከግራ መስመር የሚያሻማው ኳስ አንድም ቀን አድራሻውን ስቶ አያውቅም ይባላል። እኔ ሲጫወት አላየሁም፤ ሲያቆም የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያየሁት ሰው ሲያወራለት ነው። እሱም እውነቱን ለመናገር ሲወራለት አይጠላም።

አባ ከእያንዳንዱ ሰው አንድ እግር ብቻ ነው የሚያጥቡት፤ ቀኙን። ውሃውም ይበቃል፣ ሰዓቱም አይረዝምም። አባቴ ጋ ሲደርሱ ግን ግራውን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቀኙን ሊይዙ ሲያጎነብሱ ከኋላ አንዱ የባቡር ደጋፊ «አባ፣ እሱ አይደለም እግሩ!» ብሎ ጮኸና ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አባም ስቀው ወደ ግራው ዞሩ፤ በዚያው ቀረ። በየዓመቱ አባ ያቺን እግር ሲይዙ ከኋላ ሹክሹክታ ይነሳል። «በዚች ነው እኮ ከማዕዘን በቀጥታ ያገባት።» «ያ ዝናቡ ቀን።» «ዝናብ አልነበረም፣ ጭቃ ብቻ ነው የነበረው።» ጸሎቱ ሲያልቅ ክርክሩ ግቢ ውስጥ ይቀጥላል።

ዘንድሮ ሐሙስ ሦስት ቀን ሲቀረው አባቴ «አልሄድም» አለ።

ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ስኳር ከግራ እግሩ ሦስት ጣት ወስዶበታል። ያኔ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ለጎረቤቱ ሁሉ «ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል» እያልኩ ስዋሽ ነበር፤ ያስዋሸኝ እሱ ነው። ሲወጣ ደግሞ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ጫማ ሰሪ ነኝ። የግራ ጫማውን አፍንጫ በስፖንጅና በሱፍ ሞልቼ፣ ገበሩን ለስለስ፣ ሶሉን ጠንከር አድርጌ፣ ከውጭ ለሚያየው ሙሉ እግር ያለበት የሚመስል ጫማ ሠራሁለት። በሥራዬ አልኮራም ብል ውሸት ነው፤ ከሰፈሩ አንድ ሰው አልነቃም። ግን ጫማ ቁስል አያድንም። ከሁለት ወር በፊት መርገጫው ላይ፣ ከተቆረጡት ጣቶች ሥር፣ አዲስ ቁስል ወጣ። በየቀኑ ጎዙን እለውጣለሁ፣ በየቀኑ ቁስሉ ወደ ውስጥ ይጠልቃል።

ሰኞ ዕለት ዶክተሯ ራጁን አየችና ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። ወጣት ናት፣ ቃል አታባክንም።

«አጥንቱ ውስጥ ገብቷል አባባ» አለችው። «ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት።»

«ካልተቆረጠስ?»

«ወደ ላይ ይሄዳል። ወይ እግሩን ወይ ራስዎን ነው የሚመርጡት። ለቅዳሜ ጠዋት አልጋ ይዤልዎታለሁ። ፊርማዎን ግን እስከ ዓርብ እፈልጋለሁ።»

«ይዤው እቀበራለሁ» አለ አባቴ።

«ምኑን?»

«እግሬን።»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። ምን ልበላት? ፖስታ ማን እንደነበር ብነግራት ለሷ ምኗ ነው? ብድግ ብሎ ወጣ፤ ተከተልኩት። ቤት እንደገባን ግን ደሜ ፈላ።

«አባዬ፣ ልትሞት ነው እንዴ ሐሳብህ? ቁርጡን ንገረኝ።»

«አትጩሂ። ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ! እግር ነው እኮ! ሰው ያለ እግር ይኖራል!»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያየ ቆየ።

«ሰው የሚያውቀኝ በእሱ ነው» አለ። «እሱ ከሄደ የሚቀረው አንድ ያረጀ በያጅ ነው። ያረጀ በያጅ ደግሞ በየመንደሩ ሞልቷል።»

«ለእኔ አባቴ ነህ።»

«አንቺማ ምርጫ ስለሌለሽ ነው።»

እየቀለደ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሆድ ባሰኝና ፊቴን አዞርኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለኝ ሰው እሱ ነው። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። ለአንድ እግር ሲል ጥሎኝ ሊሄድ መሆኑ አናደደኝም፣ አስለቀሰኝም። ያን ጊዜ ነው ስለ ሐሙስ የተናገረው።

«ሐሙስ አልሄድም። አንቺ ተቀመጪልኝ።»

«እኔ ወንበርህ ላይ የምቀመጠው ስትሞት ነው። ደንቡን ታውቀዋለህ። ሞቻለሁ በለኝና ልቀመጥ።»

ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ፤ ሳይበላም አደረ።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ መጋዝ ሱቄ መጡ። የሳሙና ፋብሪካ ተከላካይ ነበሩ። «መጋዝ» ያስባላቸው ኳሷን ሲያጡ እግሩን መቁረጣቸው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አባቴን መያዝ የእሳቸው ሥራ ነበር። አባቴ ቅልጥሙ ላይ ያሉትን ሁለት ጠባሳዎች እስከ ዛሬ በእሳቸው ስም ነው የሚጠራቸው፤ ትልቁ መጋዝ፣ ትንሹ መጋዝ። ጋሽ መጋዝ የተነቀለ ሶል ይዘው በርጩማው ላይ ተቀመጡና እኔ ማስቲሹን ስቀባ ያዩኝ ጀመር።

«አባትሽ አረማመዱ ተለውጧል» አሉ በመጨረሻ።

«ጉልበቱን እያመመው ነው ጋሼ።»

«ጉልበቱን የሚያመው ሰው በተረከዙ ብቻ አይረግጥም።»

«እርስዎ ደግሞ የሰው እግር ነው እንዴ የሚያዩት?»

«ሌላ ምን ልይ? ዘጠኝ ዓመት የእሱን እግር ሳይ ነው የኖርኩት። ፊቱን በደንብ ያወቅሁት ኳስ ካቆምን በኋላ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጫማቸውን አድርገው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ሐሙስ እንገናኝ በይው። ከቀረ ቤት ድረስ እመጣለሁ። ምን እንደነካው ሳላይ ደግሞ አልመለስም።»

መልእክቱን እንዳለ አደረስኩ። አባቴ ከአልጋው ቀና አለ።

«ይኼ ሰውዬ ኳስ ካቆምንም በኋላ አይለቀኝም?»

«ያለውን ነው የነገርኩህ። ከሄድክ ጫማህን ያያል፤ ከቀረህ ብርድ ልብስህን ገልጦ ያያል። ምረጥ።»

አንድ ሐሳብ አመጣ። እንደማንኛውም ሰው ቀኙን ይታጠባል፤ ግራው ከነጫማው ይቀመጣል። ሰው ቢጠይቅ «አባ እያረጁ ነው፣ ረሱት» ይባላል። ስለ ዓርብ ፊርማ ግን ላነሳበት ስል እጁን አወናጨፈ። እኔም አንድ በአንድ ይሁን ብዬ ተውኩት።

ረቡዕ ከሥራ ወጥቼ አባ ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ በድምፅ ነው የሚለዩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጣቶቹንም፣ ቁስሉንም፣ ዶክተሯ ያለችውንም።

«ይፈርማል?»

«አይፈርምም አባ። ግግም ብሏል።»

«ያስተማርኩት ሰው ቢሆን እመክረው ነበር። አባትሽ ግን እኔን ያስተማረ ሰው ነው፤ በዚያ ዓመት ከሁሉ ቀድሞ ጫማውን ያወለቀው እሱ ነው። እሱ ባያወልቅ ሌሎቹ አያወልቁም ነበር።»

ይኼን አላውቅም ነበር። አባቴ ስለ ጎል እንጂ ስለዚህ አውርቶልኝ አያውቅም።

«ብቻ አባ፣ ነገ ቀኙን ነው። አደራ እንዳይረሱ።»

«ልጄ፣ አሥራ ሁለት እግር ነው። አሥራ አንዱ ቀኝ ከሆነ አሥራ ሁለተኛውም ቀኝ ቢሆን ምኑ ይከብዳል?»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቁስሉን ጠርጌ፣ አዲስ ጎዝ አድርጌ፣ በፋሻ ጠቅልዬ፣ የግራ ጫማውን ክር ሁለቴ ቋጠርኩት። የቀኙን ላላ አድርጌ ተውኩት። ክንዴን ይዞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር መጣ፤ ከበሩ በኋላ ክንዴን ለቀቀና ብቻውን ሄደ። በተረከዙ። አንጀቴን በላው።

ወንበሮቹ እንደ ሁልጊዜው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። የአባቴ ፊት ለፊት ጋሽ መጋዝ ናቸው። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆምኩ። አባ ከሳሙና ፋብሪካ ወገን ጀመሩ፤ ዲያቆኑ ሳፋውን እየገፋ፣ ማሰሮውን እያቀበለ፣ ፎጣውን ክንዱ ላይ ጥሎ ይከተላቸዋል። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ። የጋሽ መጋዝን አጥበው ሳሙ። ወደ ባቡር ወገን ተሻገሩ። አባቴ ሦስተኛ ነው። ተራው ሳይደርስ የቀኝ ጫማውን ራሱ አውልቆ፣ ካልሲውን ጫማው ውስጥ ከትቶ፣ ባዶ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ጠበቀ። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

አባ ተንበረከኩ። እጃቸው ለአፍታ በአየር ላይ ቆየ። ከዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት የለመደው እጅ የተዘረጋውን ቀኝ እግር አልፎ በቀጥታ ወደ ግራው ሄደና ክሩን መፍታት ጀመረ።

«አባ!» ልል አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣኝም። አባቴ የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። እግሩን ሊስበው ሞከረ፣ አባ ግን በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ የሚሸሽ እግር መስሎ አልታያቸውም፣ ምክንያቱም አይታያቸውም። ሁለቱንም ቋጠሮ ፈቱት። ጫማው ሲወልቅ ስፖንጁ ዱብ ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ካልሲው ሲወልቅ ፋሻው ታየ፤ ጣት የነበረበት ቦታ ጣት የለም።

ከኋላ የተጀመረው ሹክሹክታ በአንድ ጊዜ ቆመ። ሻማ የምትሸጠው ሴትዮ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባ ፋሻውን በጣታቸው ዳሰሱና ገባቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይቅር በለኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቀኙ ነበር።»

አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አገጩ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ሆኖ ያየሁት እናቴን የቀበርን ዕለት ብቻ ነው። ይኼ ሰው ከዚህ ወጥቶ ቤቱ ይገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ዓርብም ያልፋል፣ ቅዳሜም ያልፋል፤ በቃ አለቀ አልኩ።

ከፊት ለፊቱ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ መጋዝ ናቸው፤ ቀስ ብሎ መናገር ፈጽሞ አያውቁበትም።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይቺን እግር ልቆርጣት ለፋሁ፣ አቃተኝ። ስኳር ቀደመኝ! መጋዝ የተባልኩት ለካ በነጻ ነው!»

ሁሉም አባቴን ነው የሚያየው። አባቴ ዓይኑን ከጣሪያው ላይ አውርዶ ጋሽ መጋዝን አያቸው። ትከሻው ተነቃነቀ። እያለቀሰ ነው ብዬ ልሮጥ ስል ድምፁ ወጣ፤ እየሳቀ ነው። ከዚያ ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ሻማ ሻጯ ሳቀች፣ የሳሙናም የባቡርም ሰው አብሮ ሳቀ። ዲያቆኑ ማሰሮውን ሊጥለው ደረሰ። አባቴ እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገና ወደ አባ ጎንበስ አለ።

«ይጠቡት አባ» አለ። «ቅዳሜ ይቆረጣል። ታጥቦ ይሂድ።»

እኔ የሰማሁትን ለማመን አጠገቤ ያለውን ሰው ክንድ ያዝኩ። ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባ ፋሻውን ሳይነኩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ውሃውን በቀስታ አፈሰሱ፣ በእጃቸው አሹ፣ ጎንበስ ብለው ሳሙት። ዲያቆኑ ፎጣውን ሲያነሳ ጋሽ መጋዝ ባንድ እግራቸው ጫማ፣ ባንድ እግራቸው ባዶ ሆነው ተሻግረው መጡና ፎጣውን ከእጁ ወሰዱበት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ማድረቅ ጀመሩ። ቅልጥሙ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይቺ የኔ ናት» አሉ ትልቁን ጠባሳ እየነኩ።

«ትንሿም ያንተው ናት» አለ አባቴ።

«እሷስ ቀይ ካርድ ያየሁባት ናት።»

ከጸሎቱ በኋላ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። እግሩን አልሸፈነም። ሰዉ ተራ በተራ እየመጣ የሚያስታውሰውን ጎል ይነግረዋል። የሳሙና ሰዎች ደግሞ ባሱ፤ በእነሱ ላይ የገባውን ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጥሩለታል። ከማዕዘን ስለገባችው ጎል ዝናብ ነበር፣ ጭቃ ነበር ሲባባሉ አባቴ እጁን አነሳ። «ፀሐይ ነበር» አለ። «ፀሐዩ በረኛው ዓይን ውስጥ ነው የገባው። እኔ ደግሞ ላሻማ ነበር እንጂ ላገባ አላሰብኩም።» ይኼን ሲሰማ ማንም አላመነውም። ትሕትና መሰላቸው።

ዓርብ ጠዋት ፈረመ። ዶክተሯ ምን ሐሳቡን እንዳስለወጠው ጠየቀችው። «ሰው ተሰናብቶታል» አላት። እሷም አንገቷን ነቅንቃ ወረቀቱን ተቀበለች። ቅዳሜ በጠዋት ወሰዱት። ሦስት ሰዓት ያህል ኮሪደሩ ውስጥ ከጋሽ መጋዝ ጋር ተቀመጥን፤ በሕይወታቸው እንደዚያ ዝም ያሉበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ይዤ ስደርስ ጋሽ መጋዝ ቀድመውኝ አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። አባቴ ነቅቷል። እንኳን አደረሰህ አልኩት። ብርድ ልብሱን ያያል፤ በቀኝ በኩል እስከ አልጋው ጫፍ ድረስ እግር አለ፣ በግራ በኩል መሃል ላይ ይቆምና ከዚያ ሜዳ ነው። ሐሙስ ሰው ፊት የሳቀው ሳቅ ዛሬ ላይ አይደርስ ይሆን ብዬ ፈራሁ። እንቁላሉን ላጥኩ፣ በእጁ አስያዝኩት። አልበላውም።

«እንግዲህ ለሚመጣው ዓመት የሚታጠበው ቀኙ ነው» አለ በመጨረሻ።

ለሚመጣው ዓመት አለ። እኔ የሰማሁት እሱን ብቻ ነው። ሊያየኝ እንዳይችል ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ሰዉ ግን ምን ብሎ ያንሾካሹክ?» ቀጠለ። «ይኼ እግር በዕድሜው ሙሉ ያገባው አንድ ጎል ነው። እሱም በራሳችን ላይ።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ መጋዝ። «አጠገብህ ነበርኩ። ለእኛ ነው የተቆጠረችው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የእኛ ሰዎች ያንሾካሹካሉ።»